ሙቀት የሚችል ቢጫ ጽጌረዳ ለግቢ አጥር፦ ከጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ግቢዬን በቢጫ ጽጌረዳ ማጠር እፈልጋለሁ፣ ሙቀቱን የሚችለው የቱ ነው?» ይህን ጥያቄ ከባሕር ዳርም፣ ከፍኖተ ሰላምም፣ ከቡሬም እሰማለሁ። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን ግማሽ ነው። ጎጃም ውስጥ ቢጫ ጽጌረዳን አብዝቶ የሚጎዳው የሚያዝያ ፀሐይ አይደለም። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ሁለቱንም የሚችል ተክል ነው። ከታች ያሉትን መልሶች ስታነቡ ይህን ያዙልኝ።

የጎጃም ሙቀት ለጽጌረዳ ይከብዳል እንዴ?

እንደ ቦታው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ሌሊቱ ግን ቀዝቀዝ ይላል። ጽጌረዳ ይህን ይችላል። ቀትር ላይ ጠውልጎ ብታዩት እንኳ አመሻሹ ላይ ቀና ይላል።

ችግር የሚመጣው ሙቀቱ 35 ዲግሪን አልፎ ሲሰነብት ነው። ያኔ አበባው ያንሳል፣ ይሳሳል፣ ጠዋት የፈነዳው እምቡጥ ማታ ረግፎ ይገኛል። ይህ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ የምታገኟቸው ቆላማ ቦታዎች ጉዳይ ነው። እዚያ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝ ቦታ የግድ ያስፈልጋችኋል።

ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ ወይም እንጅባራ ከሆናችሁ ደግሞ ስለ ሙቀት አትጨነቁ። የእናንተ ጣጣ የሌሊት ብርድና ውርጭ ነው።

ቢጫ ጽጌረዳ ከቀዩና ከሮዙ የበለጠ ለምን ይታመማል?

ከዘሩ ነው። አውሮፓ ውስጥ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ድረስ ፈዛዛ ቢጫ ጽጌረዳዎች ነበሩ እንጂ ደጋግሞ የሚያብብ ደማቅ ቢጫ አልነበረም። በ1900 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ፔርኔ ዱሼር የተባለ የፈረንሳይ ሊዮን ከተማ አዳቃይ «ሶሌይ ዶር» የተባለውን ጽጌረዳ አወጣ። ቀለሙን ያገኘው «የፋርስ ቢጫ» ከሚባለው፣ ከምዕራብ እስያ ከመጣው ጽጌረዳ ጋር አዳቅሎ ነው። ያ ተክል የደረቅ አገር ተክል ነው። ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለውን የቅጠል በሽታ መቋቋም አያውቅበትም። ቀለሙን ሲያወርስ ድክመቱንም አብሮ አወረሰ፣ አብዛኛው የዛሬ ቢጫ ጽጌረዳም ከዚያ መስመር የወረደ ነው።

አሁን ይህን ከእኛ ክረምት ጋር አገናኙት። የጥቁር ነጠብጣብ ፈንገስ ቅጠል ላይ ለመያዝ ቅጠሉ ለሰባት ሰዓት ያህል ሳይደርቅ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይለት ይፈልጋል። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው የሚወርደውም ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በሐምሌ ቅጠሉ ቀኑን ሙሉ ርሶ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው። ሰው በነሐሴ መጨረሻ አጥሩን ሲያይ እሾህና ዘንግ ብቻ ቀርቶ ያገኘዋል፣ ከዚያ «ይሄ ጽጌረዳ ለአገራችን አይሆንም» ብሎ ይነቅለዋል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም የተሻለ ቢጫ አለ።

እሺ፣ ስም ጥቀሱልን። የትኛው ነው የተሻለው?

ለአጥር አንድ ብቻ ምረጥ ብባል «ጁሊያ ቻይልድ»ን እላለሁ። በ2006 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ አሜሪካዊ ዝርያ ነው። ስሙ የታዋቂዋ ምግብ አብሳይ ነው፣ አበባውንም የመረጠችው ራሷ ናት። ቀለሙ የለጋ ቅቤ ዓይነት ቢጫ ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር አካባቢ ሆኖ ከታች ጀምሮ ጥቅጥቅ ይላል። ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ በሽታን ከብዙ ቢጫዎች በተሻለ ይቋቋማል፣ ሙቀትም ያን ያህል አይከብደውም። አጥር የሚፈልገው ይህን ሁሉ ነው።

«ሰንስፕራይት» የሚባለው የጀርመኖቹ ኮርዴስ ሥራ ነው፣ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። አጠር ይላል። ፀሐይ ላይ ቢጫነቱን ሳይለቅ በመቆየትና በመዓዛው የታወቀ ነው፣ ደስ ይላል። ለዝቅተኛ የመንገድ ዳር አጥር ይሆናል።

ከሰው ቁመት በላይ የሚሄድ ከፈለጋችሁ የእንግሊዙ ዴቪድ ኦስተን በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ግራሃም ቶማስ» አለ። ሞቃት ቦታ ላይ ዘንጉ እስከ ሦስት ሜትር ይመዘዛል፣ ስለዚህ ሽቦ ወይም አግዳሚ እንጨት ይፈልጋል። «ጎልደን ሻወርስ»ም እንደዚሁ ሐረግ ነገር ነው፣ እሾሁ ጥቂት ስለሆነ ልጆች ለሚሮጡበት ግቢ እመርጠዋለሁ።

«ሰኒ ኖክ አውት» በጥንካሬው ይታወቃል። ግን ቢጫነቱ ቶሎ ወደ ክሬም ይሄዳል፣ ደማቅ ቢጫ የምትወዱ ከሆነ አያረካችሁም።

አጥሩ ለጥበቃ ከሆነስ? «ሜርሜይድ»። በ1918 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ነጠላ ገጽ ያለው ትልልቅ ፈዛዛ ቢጫ አበባ የሚያወጣ፣ እሾሁ እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ የታጠፈ ኃይለኛ ተክል ነው። ጥቁር ነጠብጣብን በደንብ ይቋቋማል። ግን በጣም ይስፋፋል፣ ለጠባብ ግቢ አይመከርም።

ችግኝ ሻጩ «ቢጫ ጽጌረዳ» ከማለት ውጪ ስሙን አያውቅም። በምን ልምረጥ?

እውነት ነው፣ ብዙ ቦታ የምታገኙት በጥቁር ፕላስቲክ የተተከለ፣ ስም የሌለው ችግኝ ነው። ስለዚህ ዓይናችሁን ተጠቀሙ። ደግሞም አበባውን ሳይሆን ቅጠሉን ተመልከቱ። አበባ ያታልላል። ማንኛውም ቢጫ ጽጌረዳ በታኅሣሥ ያምራል።

የማውቀው ምርጡ ዘዴ ይህ ነው፦ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት ሰፈራችሁን ዙሩ። የሰው ግቢ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቢጫ ጽጌረዳ ያለበትን ሁሉ እዩ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ከርሞ ታችኛው ግንዱ ድረስ ቅጠል የለበሰ ተክል ካገኛችሁ እሱ ነው የእናንተ። ከዚያ በመጋቢት መጨረሻ ተመልሳችሁ ያንኑ ተክል እዩት። በዚያ ፀሐይ አበባው ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ፣ ቀለሙም በአንድ ቀን ካልነጣ፣ ባለቤቱን ለምኑና ሰኔ ሲገባ ቁራጭ ውሰዱ። ጎጃሜ አበባ ሲለመን እምቢ አይልም፣ «እቴ ውሰጂ፣ ይብዛልሽ» ነው የሚላችሁ። በሁለቱም ፈተና ያለፈ የጎረቤት ተክል ስሙ ከታወቀና ከሩቅ ከመጣ ችግኝ የበለጠ አምነዋለሁ፣ ምክንያቱም የእናንተኑ አፈርና የእናንተኑ ዝናብ ቀምሶታል።

ከሻጭ የምትገዙ ከሆነ ቅጠሉን ዳስሱት። ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጥሩ ነው። ስስና ልስልስ ከሆነ ተዉት። ከሥሩ አንድ ረጅም ዘንግ ብቻ ያወጣ ሳይሆን ሦስት አራት ዘንግ ያለውን ውሰዱ። አበባው በአንድ ዘንግ ላይ በእቅፍ የሚወጣ ከሆነ ለአጥር ይሻላል፣ አንዱ ሲረግፍ ሌላው ይፈነዳልና። በጣም የታጨቀ፣ ቅጠለ ብዙ አበባ አትምረጡ፣ በዝናብ ሳይከፈት ይበሰብሳል። በጣም የሳሳውም በሙቀት ወዲያው ይረግፋል። መካከለኛው ይሻላል። ቢቻል እናት ተክሉን አሳዩኝ በሉ።

ከእቅፍ አበባ ላይ ያለውን ዘንግ ቆርጬ ብተክለውስ?

አልመክርም። በዝዋይም ሆነ በሆለታ እርሻዎች ለውጭ ገበያ የሚመረተው ጽጌረዳ የተዳቀለው ለፕላስቲክ ቤት ነው። ዝናብ አይነካውም፣ ውሃና ማዳበሪያው በጠብታ ይሰጠዋል። ረጅም ዘንግና አንድ ትልቅ አበባ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። አጥር የሚፈልገው ግን ጥቅጥቅታ ነው። ቢበቅል እንኳ የመጀመሪያው ክረምት ያራግፈዋል።

ከጎረቤት ያገኘሁትን ቁራጭ እንዴት ላብቅለው?

እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ አበባው ገና የረገፈ ዘንግ ምረጡ። ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ሁለት አንጓ ከአፈር በታች፣ ሁለቱ ከላይ ይሁን። ላይ ሁለት ቅጠል ተዉለት፣ ሌላውን አንሱ። አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር፣ ጥላ ሥር፣ በሰኔ መጀመሪያ ትከሉት። ቢጫ ጽጌረዳ ከቁራጭ ሥር ለማውጣት ከሌሎቹ ይልቅ ይግደረደራል፣ ስለዚህ የምትፈልጉትን እጥፍ ትከሉ። ግማሹ ከያዘላችሁ ደግ ነው።

በምን ርቀት ይተከላል? ስንት ችግኝ ያስፈልገኛል?

አንድ ሜትር ገደማ ለሚሆነው አጭር ዓይነት 70 ሳንቲ ሜትር። ለአሥር ሜትር አጥር 15 ችግኝ ይበቃል። ከፍ ለሚሉት ከአንድ ሜትር እስከ 1.20። በሁለት ረድፍ አፈራርቆ መትከልም ይቻላል፣ ያምራል፣ ግን ቦታና ውሃ ይፈልጋል።

አጥር ቶሎ እንዲሞላ ብላችሁ አታጠጋጉ። በእኛ ክረምት ነፋስ የማያልፍበት ጽጌረዳ ቅጠሉ አይደርቅም፣ ካልደረቀ ደግሞ ያው ነጠብጣቡ ነው። ሁለት ዓመት ታገሡት።

መቼ ልትከል? አፈሬ ጥቁር ነው።

ቀይ አፈር ላይ ከሆናችሁ ሰኔ ሲገባ፣ መሬቱ በደንብ ከራሰ በኋላ። ጉድጓዱ በስፋትም በጥልቀትም ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ አንድ ባልዲ የበሰለ ፍግ ወይም ኮምፖስት ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፣ የዶሮ ኩስ ደግሞ ይብሳል። ቢያንስ ሦስት ወር ይቆይ።

እንደ ብቸናና ደጀን አካባቢ ያለ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላ አፈር ከሆነ ግን በክረምት አትትከሉ። መረሬ በሐምሌ ውሃ ይይዛል፣ የጽጌረዳ ሥር ደግሞ ውሃ ውስጥ ቆሞ መተንፈስ አይችልም። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ፣ በጎኑ የውሃ መውጫ ቦይ ቅደዱ፣ በመስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲቀንስ ትከሉ። እንጅባራ አካባቢ አፈሩ ኮምጣጣ ስለሆነ ትንሽ ኖራ ይረዳል። የምድጃ አመድም ይሆናል፣ ግን እፍኝ እንጂ ባልዲ አይደለም።

ባህር ዛፍ አጠገብ ይሆናል?

አይሆንም። ውሃውንም ምግቡንም ይቀማዋል። ሌላ ጎን ፈልጉለት።

በበጋ ምን ያህል ውሃ ይፈልጋል?

ትንሽ ትንሽ በየቀኑ ከማጠጣት በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣት ይበልጣል። ሥር የሰደደ ተክል በአንድ ጊዜ ግማሽ ጀሪካን ማለትም አሥር ሊትር ያህል ቢያገኝ ደስተኛ ነው። ላይ ላዩን የጠጣ ተክል ሥሩን ላይ ላዩን ይዘረጋል፣ መጋቢት ሲመጣ የሚጠበሰውም እሱ ነው። ጠዋት፣ ከሥሩ፣ ቅጠሉን ሳትነኩ። ከዚያ የጤፍ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር እጅብ አድርጋችሁ ጎዝጉዙት፣ ከግንዱ ትንሽ አርቃችሁ። ይህ ጉዝጓዝ ሙቀት ለመከላከል ከምታደርጉት ነገር ሁሉ ርካሹና ትልቁ ነው። የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ያለበትን ውሃ ግን አትድፉበት፣ ጨው በአፈሩ ውስጥ ይከማቻል።

ቢጫው አበባ በሁለተኛው ቀን ነጭ ሆነብኝ። ታሟል?

አልታመመም። የጽጌረዳ ቢጫነት ካሮቲኖይድ ከሚባል የቀለም ንጥረ ነገር ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ኃይለኛ ብርሃን ያፈርሰዋል። በእኛ ከፍታ ፀሐዩ ጠንካራ ነው። የዝርያ ልዩነት እዚህ ላይ በደንብ ይታያል፣ ለዚያ ነው በመጋቢት ሄዳችሁ እዩ ያልኩት። የጠዋት ፀሐይ ስድስት ሰዓት ያህል አግኝቶ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ጥላ የሚያገኝ ቦታ ቀለሙን ያቆይላችኋል። ደግሞም የጠዋት ፀሐይ ጤዛውን ቶሎ ያደርቃል። አጥሩን የት መስመር ላይ እንደምታደርጉ መምረጥ ከቻላችሁ ምሥራቁን ምረጡ።

ቢጫ ተክዬ ሌላ ቀለም አበበብኝ! ሻጩ አታሎኝ ነው?

ላይሆን ይችላል። ብዙ ችግኝ ግራፍት የተደረገ ነው፣ ማለትም ቢጫው የተጣበቀው በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ ነው። የሥረኛው ተክል ራሱ ቀንበጥ አውጥቶ ካደገ ቢጫውን ይውጠዋል። ከመጣበቂያው እብጠት በታች የወጣ ቀንበጥ ካያችሁ አፈሩን ፈልቅቃችሁ ከመነሻው ገንጥሉት። ላይ ላዩን ከቆረጣችሁት በዝቶ ይመለሳል። ለአጥር በራሱ ሥር የበቀለ ቁራጭን የምወደው አንዱ በዚህ ነው። ይህ ጣጣ የለበትም።

ቅጠሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ። ምን ልርጭ?

ከመድኃኒቱ በፊት መቀሱ ይቅደም። የታመመውን ቅጠል ልቀሙ፣ መሬት የወደቀውንም ሰብስቡና አቃጥሉ፣ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት። ውስጥ ለውስጥ የተጠላለፈውን ዘንግ አሳሱ። በየክረምቱ ሙሉ በሙሉ የሚራገፍ ተክል ከሆነ ግን እየረጩ ማኖር ድካም ነው። ንቀሉትና የሚችለውን ተክሉ። ይህን ስል ከልቤ ነው፣ አበባ የምንተክለው ለደስታ ነውና በየሳምንቱ መርዝ ተሸክሞ መዞር ትርጉም የለውም።

በበጋ ደግሞ ሌሎች አሉ። ከቅጠሉ ሥር ስስ ድር ካያችሁና ቅጠሉ የነሐስ መልክ ከያዘ ቀይ ሸረሪት ነው፣ ደረቅና ሞቃት ጊዜ ይወዳል። ጠዋት ጠዋት የቅጠሉን ሥር በውሃ ግፊት እጠቡት። ክሽክሽም፣ ማለትም ጭማቂ የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ በውሃ ይታጠባል። ዩሪያ አብዝታችሁ ከሰጣችሁ ክሽክሽን የጠራችሁት እናንተ ናችሁ፣ ለጋ ቅጠል ይወዳል።

ፀረ ተባይ ለመርጨት ካሰባችሁ ንቦቹን አስቡ። ጎጃም የማር አገር ነው። አበባ ላይ ያለ ተክል ላይ የረጫችሁት መርዝ የጎረቤታችሁን ቀፎ ባዶ ሊያደርግ ይችላል።

መቼ ይገረዝ?

ዋናው ግርዛት ዝናቡ ሲወጣ ነው፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ጾመ ጽጌ ሊገባ ሲል። ከቁመቱ ሲሦውን አንሱ፣ የደረቀውንና የሚሻገረውን ከሥሩ አውጡ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ አጥሩ በአበባ ይሞላል። ለጥምቀት እንዲያብብላችሁ ከፈለጋችሁ ኅዳር 15 እና 20 መካከል ቀለል አድርጋችሁ ግረዙ። ለእንቁጣጣሽ ብላችሁ በሐምሌ አትግረዙ፣ ቁስሉ በዝናብ ይበሰብሳል። ለእንቁጣጣሽ አደይ አበባ አለች።

እንጅባራና በጮቄ ተራራ ሥር ያላችሁ ግን ውርጩ እስኪያልፍ ጠብቁ፣ ለጋውን ቀንበጥ ያቃጥለዋል። ለእናንተ ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ይሻላል።

ፍየልና ላም እሾሁን ፈርተው አይነኩትም አይደል?

ይበሉታል! ፍየል በተለይ የጽጌረዳ ለጋ ቅጠል ሲያገኝ አይምርም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በውጭ በኩል የደረቀ የግራር እሾህ አጥሩለት ወይም ሰንሰል ትከሉበት።

ቀጋ እያለልን የውጭ ጽጌረዳ ለምን?

ቀጋ ጽጌረዳ ነው፣ ያውም የገዛ አገራችን። አበባው ነጭ ስለሆነ ነው ቢጫ የሚፈልግ ሰው የሚያልፈው። ግን በጣም የምወደው አሠራር አለ፦ ከውጭ በኩል ቀጋ፣ ከውስጥ ቢጫ ጽጌረዳ። ቀጋው ከብት ያግዳል፣ ንብ ይጠራል፣ ፍሬውን ልጆች ይለቅማሉ። ቢጫው ደግሞ ወደ ቤቱ ፊቱን ሰጥቶ ያብባል። ቦታ ያለው ሰው ይህን ቢያደርግ ደስ ይለኛል። በሁለቱ መካከል ለመግረዝ የሚያልፍ ሰው የሚያስገባ ክፍተት ተዉ፣ አንድ ሜትር ይበቃል።

ዘንድሮ ክረምቱ ካመለጠኝ እስከ ቀጣዩ ሰኔ ልጠብቅ?

ውሃ ካላችሁ አትጠብቁ። በፕላስቲክ ያደገ ችግኝ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ይተከላል፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማጠጣቱን ካላቋረጣችሁ። ከዚያ በኋላ ግን ተዉት፣ ሥር ሳይሰድ ሙቀቱ ይደርስበታል። ያን ጊዜ ጉድጓዱን ቆፍራችሁ ፍጉን ሙሉበትና ይብሰል፣ እስከዚያው በመጋቢት የሰፈሩን ቢጫ ጽጌረዳዎች እየዞራችሁ እዩ።